አዲሱ ሄድፎን አምፕሊፋየር ይፈልጋል ወይ?

በዚህ ወር የማነሳላችሁ ጉዳይ ሲያዩት የወጣቶች ቅንጦት ይመስላል። አንድ ልጅ ከውጭ አገር ጥሩ ሄድፎን ተላከለት። ልጁ ደግሞ «ይሄ ብቻውን አይሆንም፤ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል» አለ። ቤተሰቡ «ይገዛለት»ና «ምን አቀበጠው» በሚል ለሁለት ተከፈለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ነገሩን እየመረመርን ስንሄድ ግን የደረስንበት ቦታ ያሰብነው አልሆነም።

ነገሩ የተጀመረው ሮቢት ነው። ሸዋ ሮቢትን ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ዘመድ መቼም ከየቤቱ አይጠፋም። የእኔዋ ሮቢት ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ጎብዬን አልፋችሁ የምታገኟት፣ ማሽላና ሙቀት የማያጣት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ታላቅ እህቴ ተድራ የቀረችው እዚያ ነው። በጥር የዘመድ ሰርግ ነበርና ወረድኩ። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ በሰርግ ቤት «ሳውንድ» የሚባለውን ሥራ ይሠራል። ሞንታርቦ ያከራያል፣ ሚክሰር ላይ ይቀመጣል፣ ጄኔሬተር ሲጠፋ ሮጦ ያስነሳል። ማታ ማታ ደግሞ በየሰርጉ በስልኩ የቀዳውን የራያ ዘፈንና እስክስታ እያጸዳ ለባለቤቶቹ በቴሌግራም ይልካል። ቀልደኛ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። ሰው ሲያናግረው «እህ?» ማለት ያበዛል፤ ይህቺን «እህ?» ለጊዜው ያዙልኝ።

ውጭ አገር ያለችው ታናሽ እህታችን ለልደቱ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለ ሄድፎን ላከችለት። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ለዓመታት የሚጠቀሙበት ጠንካራ ዕቃ ነው። ይህ ሄድፎን 32፣ 80 እና 250 ኦም እየተባለ በተለያየ ዓይነት ይሸጣል። እህታችን ሦስቱንም ሱቅ ውስጥ ተደርድረው አየቻቸው፤ ቁጥሩ የበለጠው ይበልጣል ብላ 250ውን አነሳች። የበሬ ጥርስ ቆጥሮ የሚገዛ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ አልፈርድባትም።

ልጁ በደስታ ስልኩ ላይ ሰካው። ስልኩ የሄድፎን ቀዳዳ ስለሌለው ከቻርጀር ቀዳዳው ወደ ሄድፎን የሚቀይረውን ትንሽ ኮንቨርተር ነው የሚጠቀመው። ቮልዩሙን እስከ ጥግ ገፋው። «ጋሼ፣ ድምፁ ያንሳል። 250 ኦም በስልክ አይነዳም፤ ተንቀሳቃሽ አምፕሊፋየር ግድ ነው» አለኝ። የሚፈልገውን ዕቃ በስልኩ አሳየኝ። መጠኑ እንደ ክብሪት ሣጥን፣ ዋጋው እንደ በዓል ሙክት። እህቴ ዋጋውን ሰምታ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን በየወሩ እዚህ ገጽ ላይ ስለ ዕቃ የምጽፍ ሰው ነኝና «እስቲ መጀመሪያ እናስላው» አልኩ።

እናንተም ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላልና አብረን እናስላ። አስቀድሜ ግን ብዙዎቻችሁን ላሰናብት። የልጃችሁ ሄድፎን በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ተገጥሞለት ነው የመጣው። ስልኩ የሚልክለት በአየር የሚሄድ መረጃ ብቻ ነው፤ ኃይሉን ከራሱ ባትሪ ያገኛል። ከውጭ አምፕሊፋየር መግዛት ማለት ለተጫነ አህያ ሌላ አህያ መጫን ነው። ጥያቄው የሚነሳው በገመድ ለሚሠራ ሄድፎን ብቻ ነው።

ለእህቴ ያስረዳሁበትን መንገድ ልንገራችሁ። ራያ ቆላ ውስጥ ውሃ ከጉድጓድ በሞተር እየተሳበ፣ ከተራራ የሚወርድ ጎርፍም እየተጠለፈ ማሳ ይጠጣል፤ ስለዚህ ስለ ግፊትና ስለ ቱቦ ለሮቢት ሰው ማስረዳት አይከብድም። ቮልት የሞተሩ ግፊት ነው። ኦም የቱቦው ጥበት ነው። በሰፊ ቱቦ ትንሽ ግፊት ብዙ ውሃ ያሳልፋል፤ በጠባብ ቱቦ ያንኑ ውሃ ለማሳለፍ ግፊቱ መጨመር አለበት። 250 ኦም ጠባብ ቱቦ ነው። አምፕሊፋየር ደግሞ ተጨማሪ ሞተር። «ታዲያ ጠባቡን ለምን ሠሩት?» አለች እህቴ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሄድፎኑ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ በጣም ቀጭን ሲሆን ኦሙ ይጨምራል፣ ጥቅሉም ቀላል ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ግፊት ሞልቷል፤ ከአንድ መውጫ ብዙ ሄድፎን ሲሰካም ከፍተኛ ኦም ያላቸው መውጫውን አያጨናንቁትም። ዕቃው የተሠራው ለዚያ ቤት ነው፤ ለስልክ ታስቦ አይደለም።

ከኦም ሌላ ማንም የማያየው፣ ግን የበለጠ የሚያስፈልግ ሁለተኛ ቁጥር አለ። አንድ ሚሊዋት ኃይል ሲሰጠው ሄድፎኑ ስንት ዴሲቤል ይጮሃል? የዚህ ሄድፎን 96 ነው። ካርቶኑ ወይም ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን 3 ይጨምራል፤ አሥር እጥፍ ሲሆን 10። ይህን ብቻ ይዛችሁ ሱቅ መግባት ትችላላችሁ።

አሁን ሒሳቡ። ጥሩ የሚባል ትንሽ ኮንቨርተር፣ ለምሳሌ አፕል የሚሸጠው፣ 1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ለአውሮፓ ገበያ የሚሸጠው ግን የዚያን ግማሽ ነው። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ያው ኮንቨርተር ሙሉ ድምፁን አያወጣም። ስለዚህ ሙክቱን ከማረዳችሁ በፊት ሌላ ኮንቨርተር ተውሳችሁ ሞክሩ። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለኦሙ ስታካፍሉት ኃይሉን ታገኛላችሁ። 1 ቮልት ለ250 ኦም 4 ሚሊዋት ይሰጣል። ከ1 ወደ 4 ሁለት ጊዜ እጥፍ ነውና 6 ዴሲቤል ይጨምራል፦ 96 ሲደመር 6፣ 102 ዴሲቤል። ያው ሄድፎን 80 ኦም ቢሆን ኖሮ 107 ይደርስ ነበር፤ 32 ኦም ቢሆን 111። እህታችን ትልቁን ቁጥር ስትመርጥ 9 ዴሲቤል ጣለች ማለት ነው።

102 ዴሲቤል ግን ትንሽ ነው? በፍጹም። ይህ ሙዚቃው ጣራ ሲነካ የሚደርስበት ነው፤ አማካዩ ከዚያ በ10 ወይም በ15 ዝቅ ይላል። ግማሽ ቮልት ብቻ በሚሰጥ ኮንቨርተር እንኳ ጣራው 96 ነው፤ አማካዩ 80ዎቹ ውስጥ ይወድቃል። በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ይህ በደንብ የሚሰማ፣ እንዲያውም ጠንከር ያለ ድምፅ ነው። ልጁ የተመኘው አምፕሊፋየር 2 ቮልት የሚሰጥ ነበር። ከ1 ወደ 2 ቮልት መሄድ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። አንድ ሙክት ለ6 ዴሲቤል!

ወረቀቱን ለልጁ አሳየሁት። አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ልክ ነው፤ ግን አይሰማኝም» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ጊዜ የመሰለኝ ግትርነት ነው። ስለዚህ ወደ ሙከራ ገባን። ልጁ ሚክሰር አለው አላልኳችሁም? ሚክሰር የሄድፎን መውጫ አለው፤ ከመውጫው ጀርባ ያለው ደግሞ ምንድን ነው? አምፕሊፋየር! ሊገዛው የተነሳው ዕቃ የአጎት ልጅ አልጋው ሥር ተቀምጧል። (እናንተም ቤት ልጁ ኪቦርድ የሚጫወት ከሆነ፣ ወይም አሮጌ ቴፕ ካለ፣ የሄድፎን ቀዳዳ ፈልጉበት።) ከስልኩ ወደ ሚክሰሩ አገናኘንና ሄድፎኑን ሚክሰሩ ላይ ሰካነው። ፊቱ በራ። «ይሄ ነው! ማሲንቆው ራሱ ቀረበኝ፣ ከበሮው ሞላ!»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ጆሯችን ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ወፍራሙን ድምፅ፣ ከበሮና ቤዙን፣ አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ የሞላ ይመስለዋል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ለክተው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ሱቅ ውስጥ አምፕሊፋየር ሲያሰሟችሁ ቮልዩሙ በትንሹ ከፍ ካለ ዕቃው ራሱን ሸጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ።

እኛም እኩል አደረግን። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ አለ፤ እንደ ላቦራቶሪ ዕቃ ባይታመንም ለማወዳደር ይበቃል። የስልኬን ማይክሮፎን ሄድፎኑ ውስጥ አስገብተን፣ ሁለቱ መንገዶች አንድ ዓይነት ቁጥር እስኪሰጡ ድረስ አስተካከልን። ልጁ ዓይኑን በነጠላ ተሸፈነ። እኔ አንዴ ስልኩ ላይ፣ አንዴ ሚክሰሩ ላይ እየሰካሁ «የቱ ነው?» እላለሁ። አሥር ጊዜ ሞከርን። ስድስቱን አወቀ። ሳንቲም ብትወረውሩም ከዚያ አትርቁም። እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እና ሙክቱ ተረፈ?» አለች።

ሙክቱስ ተረፈ። ግን የልጁ ነገር አልተፈታም፤ እውነትም አይሰማውም ነበር። ያን ቀን ማታ እሱ እንደሚወደው አድርጎ፣ ስልኩ ላይ እስከ ጥግ ከፍቶ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል እየሰማ ሳለ፣ የዘጠኝ ዓመቷ እህቱ መጥታ «እኔም ልስማ» አለች። ከራሱ ላይ አውልቆ ጫነላት። አንድ ሰከንድ አልቆየችም። ወርውራ ነቀለችውና ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ «ውይ! ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው!» ብላ ጮኸች።

እኔና እህቴ ተያየን። ከዚያ በፊት ማናችንም ያላልነውን ነገር ያን ጊዜ ሁለታችንም አሰብን። «እህ?» የሚላት ነገር። ቴሌቪዥኑን የሚከፍትበት መጠን። እናቱ ከበስተጀርባው ስትጠራው ዝም የሚላት፣ እሷም ትዕቢት የመሰላት። አብረን ተቀምጠን ስንጠይቀው ከሰርግ በተመለሰ ማግስት ጆሮው እንደ ፌንጣ ጭርር እንደሚልበት ነገረን። «ሁሉም ሳውንድ ሠሪ እንደዚያ ነው» አለ፤ እንደ ቀላል ነገር። ስንት ዓመት ነው ከሞንታርቦው ሥር የተቀመጥከው? ስድስት። በየትኛው በኩል? ሞንታርቦው ሁልጊዜ በግራው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጆሮ ትንሽ ልበላችሁ፤ የዚህ ወር ጽሑፌ ዋና ፍሬ ነገር ይህ ሆኗልና። በውስጠኛው ጆሮ ቀንድ አውጣ የመሰለ ጠመዝማዛ ክፍል አለ። በውስጡ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ፣ ጸጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ተደርድረዋል። እነዚህ ሕዋሳት በኃይለኛ ድምፅ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ጩኸት የሚጎዳው ሁሉንም እኩል አይደለም፤ መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚሰሙት፣ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ያሉት ናቸው። ወፍራሙ ድምፅ ስለሚሰማ ሰውየው የሚሰማ ይመስለዋል። የሚጠፋበት ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ ነው፤ «ሳህን» እና «ላህም» የሚለያዩበት ቦታ። ስለዚህ «አይሰማኝም» አይልም፤ «ሰው አፉን አይከፍትም» ይላል። ሄድፎን ሲያደርግ ደግሞ «ድምፁ ጥራት የለውም፣ አምፕሊፋየር ይፈልጋል» ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መለኪያ ለማስታወስ ቀላል ነው። ለአዋቂ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፤ ለልጆች በ75 ዴሲቤል 40 ሰዓት። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ሃያ ሰዓት፣ በ86 አሥር፣ በ89 አምስት፣ በ92 ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በ95 አንድ ሰዓት ከሩብ። ልብ በሉ፣ በቀን አይደለም፣ በሳምንት ነው። ልጁ የተመኘው 6 ዴሲቤል የሳምንቱን ድርሻ ወደ ሩብ ያወርደዋል። በሰርጉ ዳስ ውስጥ ደግሞ ድርሻው ሙሽሮቹ ሳይገቡ ነው የሚያልቀው።

አይፎን የያዘ ልጅ ካላችሁ የጤና አፑ ውስጥ በሄድፎን ስንት ዴሲቤል እንደሰማ ተመዝግቦ ታገኛላችሁ። አንድሮይዶች ደግሞ ቮልዩሙን ከመስመር ሲያሳልፉት ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ሁላችንም ሳናነብ «እሺ» የምንለውን ማለቴ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን የዘጠኝ ዓመቷ ያደረገችው ነው። ልጃችሁ በሚሰማበት ቮልዩም ላይ እንዳለ ሄድፎኑን ተቀብላችሁ በራሳችሁ ጆሮ ስሙት፤ መጀመሪያ ከጆሯችሁ ትንሽ አርቃችሁ፣ ድንገት እንዳይጎዳችሁ። እናንተ የምትሸሹትን ድምፅ እሱ «አነሰኝ» ካለ የምትሄዱበት ቦታ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አይደለም።

እንግዲህ «አምፕሊፋየር ለማንም አያስፈልግም» እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያስፈልጋል፣ ግን ለጥቂቶች ነው። ሃይፊማን ኤችኢ 6 የሚባል ሄድፎን አለ፤ ኦሙ 50 ብቻ ስለሆነ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ግን በአንድ ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚሰጠው። ከልጁ ሄድፎን ጋር እኩል ለመጮህ ከ10 እጥፍ በላይ ኃይል ይጠጣል። እንዲህ ያለውን በስልክ መንዳት በባጃጅ ሞተር አይሱዙ መጎተት ነው። ኦሙን ብቻ አትዩ የምለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ኢርፎኖች በጣም ንቁ ስለሆኑ ኃይለኛ አምፕሊፋየር ላይ ስትሰኳቸው ከዘፈኑ ሥር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ታገኛላችሁ፤ ገንዘብ አውጥታችሁ ችግር ገዛችሁ ማለት ነው። በዕድሜ ጠና ያለ ኮምፒውተር የሄድፎን መውጫው የሚያጉረመርም ከሆነም ውድ አምፕሊፋየር አያስፈልጋችሁም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ኮንቨርተር ይበቃል።

አንድ ሌላም ምክንያት አለ። የቆዩ ዘፈኖች ከዛሬዎቹ ይልቅ ዝቅ ብለው የተቀዱ ናቸው። የዛሬ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሞልቶ ይወጣል፤ በ1960ዎቹ የተቀዳ ባንድ ግን ትንፋሽ አለው፣ ዝም የሚልበት ቦታ አለው። በዚያ ላይ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ቴሌግራም ሲገለበጥ የኖረ ከሆነ ድምፁ ደክሞ ነው የሚደርሳችሁ። ያን ጊዜ ቮልዩሙ ጥግ ደርሶ አነሰኝ ብትሉ እውነታችሁን ነው። ግን አምፕሊፋየር ሲያጎላ ዘፈኑንም፣ የካሴቱንም ሽሽታ አብሮ ነው የሚያጎላው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ካወጣቸው መካከል አንዱን ከተገለባበጠ ካሴት ቅጂ ጋር አወዳድራችሁ ስሙት፤ የሚገርማችሁ ልዩነት ያለው እዚያ ነው። ሦስት የተሻሉ ቅጂዎች ማግኘት አንድ አምፕሊፋየር ከመግዛት ይሻላል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ የሚቆጣኝ አንባቢ እንደሚኖርም አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ታክሲ ውስጥ ሄድፎን «ሲያንስ» ያነሰው ሄድፎኑ አይደለም፤ የበለጠው ሞተሩና ረዳቱ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ጩኸት ለማሸነፍ ቮልዩም መጨመር ጆሮን ሁለት ጊዜ መምታት ነው። ጆሮን በደንብ የሚሸፍን ወይም የውጭውን ጩኸት የሚቀንስ ሄድፎን መምረጥ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው።

ወደ ሮቢት ልመልሳችሁ። የአምፕሊፋየሩን ገንዘብ ትንሽ ቆንጥረን ልጁን ደሴ ወስደን አስመረመርነው። ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ በሄድፎን (እዚያም ሄድፎን!) ቀጫጭንና ወፋፍራም ድምፆች እያሰሙት ሲሰማ እጁን እንዲያነሳ ነገሩት። ውጤቱ በግራፍ መጣ። የቀኝ ጆሮው መስመር ትንሽ ዘንበል ብሏል። የግራው 4,000 ላይ ሲደርስ እንደ ገደል ወርዶ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ሐኪሟ መስመሩን በእስክሪብቶ እያሳየች «ይሄ የሄደ ነው፤ አይመለስም። ይሄኛው ግን ገና አልሄደም» አለችው። በሰርግ ላይ የጆሮ መድፈኛ እንዲያደርግ፣ በየዓመቱ እየመጣ እንዲለካ አዘዘችው። መስሚያ መሣሪያ ለጊዜው አላስፈለገውም። ወደ ወልዲያ ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ አላወራም። ሐይቅን አልፈን ብዙ ከተጓዝን በኋላ «ጋሼ፣ እስከዛሬ ለሰው የሰጠሁት ቅጂ ሁሉ በእኔ ጆሮ የተስተካከለ ነው። ለሰው ጆሮ ሲሲታው በዝቶ ይሆን?» አለኝ። የሚመልሰው ቃል አጣሁ። ሳይበዛ አይቀርም።

ውጭ ያለችው እህታችን ስትደውል ነገርናት። አለቀሰች፤ እሷ የላከችው ዕቃ ያመጣበት ይመስል። ሄድፎኑ ባይመጣ ኖሮ መቼ እናውቅ እንደነበር ሳስበው እኔ አመሰግናታለሁ። 250ውን በ80 ኦም ልትለውጥለትም ጠየቀች፤ እሱ «ይቅር፣ ለሚክሰሩ ይሄኛው ልክ ነው» አላት። እውነቱን ነው።

አሁን ጠረጴዛውን ከሞንታርቦው ፊት አንስቶ ወደ ኋላ ወስዶታል፤ መድፈኛውን እንደ ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። መጀመሪያ የሰርግ ሰዎች ሳቁበት፤ ኋላ አንዱ ከበሮ መቺ «ከየት ነው የሚገዛው?» ብሎ ጠየቀው። የቅጂ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ቀጫጭኑን ድምፅ እንዲሰማለት እህቱን ይጠራል። በነፃ አይደለም፣ ለአንድ ዘፈን አንድ ማስቲካ ትቀበላለች። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። ሚክሰሩ ላይ፣ የሄድፎኑ ቮልዩም መዘውር አጠገብ፣ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር ተሰምሮበታል። ከሥሩ በልጅ እጅ ጽሑፍ «ከዚህ በላይ ክልክል ነው» ይላል።